ያልበቀለ ገብስ

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ሌሊቱን ውርጭ፣ ጠዋት ፀሐይ፣ ከጉና በኩል ነፋስ። ቤት ውስጥ የነበረ ሰው፦ እኔ። ዶሮዋ ካልተቆጠረች።

ብቅሉን ገለጥሁት። አልበቀለም። ኮባው ሥር እንዳስተኛሁት ተኝቷል። እርጥብ ነው፣ ይሸታል፣ ጭራ ያወጣ አንድ ፍሬ የለም። በመስከረም መጨረሻ ማሳውን የመታው ውርጭ ነፍሱን ይዞት ሄዷል።

ሰኞ ኅዳር ሚካኤል ነው። የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። ያለ ብቅል ጠላ የለም፤ ያለ ጠላ ምን ብዬ ጽዋ አወጣለሁ? ጽዋው ካለፈው ወር ጀምሮ መደቡ ላይ ነው፣ ነጠላ አልብሼዋለሁ። ባየሁት ቁጥር የሚያየኝ ይመስለኛል።

የማይሆን ነገር ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ላሚቱ ነጠፈች። የጎረቤቴ የፋጡማ ባል ነጋዴ ነበር፣ መንገዱ ሲዘጋ ከሰረ። የአያ ታምሩ ጥይት ከሸፈ። እኔ መካን ተባልሁ። ብቅሉን ምን እንደምለው አላወቅሁም። እንቢ አለ ብዬ ልተወው።

ወረቀቱ እያለቀ ነው። ጣሊያን መንገድ ሲሠራ የጣለው የስሚንቶ ከረጢት ነው፤ ውስጠኛው ልባስ ደህና ያጽፋል።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ደመና። ዝናብ የለም።

የማኅበሩ ቄስ አባ ወልዴ ዘንድ ሄጄ ብቅሉን ነገርኋቸው። ደጃቸው ላይ ቆመው ወደ ጣሊያን ኬላ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰው ቤት ለቤት እንዳይሰበሰብ ተብሏል አሉኝ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴያችን፣ ጫካ ከገቡ ወዲህም ማኅበሩ ራስ የለውም።

«ይቅር ልጄ ደብሬ» አሉ። «ሚካኤል ዘመኑን ያያል።»

ደግ ቃል ነው። ቀረ ሲባል አጥፊ የለበትም። ዝናብም ይቀራል፣ እንግዳም ይቀራል። ጽዋው እኔ ቤት ከቀረ ግን ማኅበሩ ፈረሰ ነው የሚባለው። ፈረሰ ሲባል ደግሞ በማን እጅ ይባላል። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድም ቤቱ ፈረሰ ተባለ፤ አፍራሹ እሱ፣ የተቆጠረው በእኔ ላይ።

ለአባ ያልነገርኋቸው ሌላ ነገር አለ። በወር አንድ ቀን ሰው ስሜን ጠርቶ «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» የሚለኝ በዚህ ጽዋ ነው። ሌላ የለኝም።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

ብርድ።

ገብሱን ለዶሮ ልበትን ጓሮ ወጣሁ። ፋጡማ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ።

«አንቺ፣ በዚህ ዘመን ገብስ ይደፋል?»

«አልበቀለም።»

«ያልበቀለ ይቆላል እንጂ ይጣላል? ቅሪቦ ጥመቂበት።»

ቅሪቦ እነሱ ለበዓላቸው የሚጠጡት ነው፣ ጌሾም ብቅልም የማይገባበት። አሠራሩን በአጥሩ ላይ እንደቆመች ነገረችኝ። አድርቀሽ ቁዪው፣ እስኪጠቁር። ፍጪው፣ አፍዪው፣ አጥሪው። ማር ካለሽ ጠብ አድርጊና ይደር። የሚካኤልን ጽዋ በእስላም መጠጥ እንዴት ብዬ አልኋት።

«ገብሱ ያንቺ፣ እሳቱ ያንቺ፣ እጁ ያንቺ» አለች። «የእኔ ወሬው ብቻ ነው።»

ወሬ ካነሳች ደግሞ አላቆመችም። ባሏ አንበሳሜ ገበያ የድሮ ባሌን አይቶታል። ሌላ ሚስት ካገባ ሰባት ዓመቱ፤ እዚያም ልጅ የለም።

«እንግዲህ እንቢ ያለው ዘር የማን እንደነበር ይኸው» አለች።

ሳቅሁ። አፌን በነጠላ ይዤ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ጥቂት አለቀስሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ገብሱን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ከሰዓት በኋላ ቆላሁ፣ ዓይኔ እስኪቃጠል። ቅዳሜ ሳይገባ ፈጭቼ ጨረስሁ።

ኅዳር 11፣ እሑድ

ፀሐይ። ማንም አልመጣም።

አፍልቼ አጠራሁት። ለመድኃኒት ያስቀመጥኋትን ማር ጨመርሁ። ቀመስሁት። ጠላ አይደለም። መጥፎም አይደለም። እንደ ቁራ ጠቁሯል።

የሚያስፈሩኝ፦ አባ አልባርክም ቢሉ። ኬላው ቢሰማ። ሁሉም ቢስቁ። ማንም ባይመጣ።

የመጨረሻው ይብሳል።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ሦስት ሰው መጣ። አባ ወልዴ፣ መነኩሲቷ እማሆይ ወለቴ፣ አያ ታምሩ። አንድ በአንድ ገቡ፣ እንደ ሌባ። ድሮ ዓሥራ ሁለት ነበርን።

አባ ጽዋው ውስጥ አዩና ምንድነው አሉ። እውነቱን ነገርኋቸው፣ ፋጡማንም ጨምሬ። ጽዋውን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

«ገብስ ነው፣ ውኃ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ባረኩት።

እማሆይ ቀመሱ። ጥርስ ለሌለው የሚመች ነገር ነው፣ ራስም አያዞር፣ ጨምሪልኝ አሉ። አያ ታምሩ ሳቀ። ከጫካ ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ማየቴ ነው። ሰው ፈርቶ መጣ ይለዋል። ጽዋውን ይዞ መሬት መሬት እያየ፣ «የከሸፈው ጥይቱ ነው» አለ፤ «የሚታየው ግን እኔ ነኝ።» ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት፣ ትልቁን።

ከዚያ እጁን ታጥቦ ጽዋውን ማን ይቀበል ተባለ። እማሆይ ቤት የላቸውም፣ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው የሚያድሩት። አያ ታምሩ ከእኅቱ ተጠግቷል። ተራው የየሺ ነው፤ የሺ ግን አልመጣችም። ባሏ ጫካ ከገባ ወዲህ ሰው ፈርቶ ደጇን አይረግጥም። እኔም አልረገጥሁም።

ሳይመሽ ሄዱ። ጽዋው መደቡ ላይ ቀረ። ነጠላውን አለበስሁት።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ውርጭ። ሰማዩ ጥርት ያለ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው። ፊቴን ታጠብሁ። ጽዋውን በነጠላ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥሁ። ሳይቆላ የተረፈውን ገብስ ከላይ ሞላሁበት። በትንሽ እንስራ ቅሪቦ አዘልሁ። ወደ ጉና የሚወስደውን መንገድ ያዝሁ።

ኬላው ላይ የጣሊያን ወታደር፣ አስካሪው፣ አስቆመኝ። እጁን ገብሱ ውስጥ ሰደደ፣ ጥቂት ዘግኖ አሸተተ። ይህ ምን ያደርግልሻል አለኝ። ውርጭ የመታው ነው፣ ይቆላል አልሁት። መልሶ በተነውና እለፊ አለኝ። ካለፍሁ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ።

የየሺ በር ተዘግቶ ነበር። ስሟን ጠራሁ። ደብሬ ነኝ፣ የማኅበርሽ፣ አልሁ። ከፈተች። ከስታለች። ዓይኗ ከእኔ አልፎ መንገዱን አየ፣ ማን ተከትሎኝ ይሆን ብላ።

ገብሱን በእጄ ገለጥሁ። የነጠላው ጫፍ ታየ።

ወደ ውስጥ ተመልሳ ገባች። በሩ ክፍት ነበር፣ እኔም ቅርጫቱን እንደያዝሁ ቆምሁ። ውኃ ሲንቆረቆር ሰማሁ።

እጇን ታጥባ መጣች።