ስለ ጎደለችኝ ሲሶ ክሬዲት

ለተከበሩት የዩኒቨርሲቲያችን ዋና ሬጅስትራር፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎና ማኅተም ለማይለያት ቀኝ እጅዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የሒሳብ መምህርት ለመሆን ተመዝግቤ፣ አንድ እግሬን ፔዳሉ ላይ አንዱን ክፍል ውስጥ አድርጌ አምስት ዓመት ተምሬያለሁ። ልመረቅ ጥቂት ሲቀረኝ እርስዎ ዓመቱን ለሦስት የሚከፍለውን ኳርተር ሽረው ለሁለት የሚከፍለውን ሴሚስተር አነገሡ፤ የድሮው ክሬዲት ሁሉም በሁለት ሲሶ እንዲባዛ አዘዙ። ከዚህ የተነሣ የደረሰብኝን፣ ጊዜዎን ላለመሻማት በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በከፍተኛ ውጤት ያለፍኩት የስታቲስቲክስ ኮርስ አራት ክሬዲት ነበር። ሲባዛ ሁለት ከሁለት ሲሶ ሆነ። አዲሱ ደንብ ግን ሦስት ይጠይቃል። በእኔ ሙያ ያጠረ ጨርቅ ይቀጠላል፤ ያጠረ ክሬዲት ግን ከነባለቤቱ ወደ መጀመሪያው እንደሚመለስ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪ኛ፤ ከመስኮት መስኮት ስንከራተት እግሬ ቀጠነ። መስኮት ቁጥር ሦስት ያለችው ልጅ ኮምፒዩተሩን ደጋግማ አይታ፣ «እናቴ፣ ቀይ ነው የሚለው፤ ስታቲስቲክሱ አልተሟላም» አለችኝ።

«የጎደለችው እኮ ሲሶ ናት፤ ሲሶ ኮርስ የላችሁም?»

«የለንም። ሙሉውን መድገም አለብዎት» ብላ፣ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ የራሷን ወንበር አወጣችልኝ። ቢሮዎ ስደርስ እርስዎም ቀና ሳይሉ «ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እርስዎ ሞኝ እንዳልሆኑ አገር ስለሚያውቅ፣ ጥፋቱን በሙሉ ለወረቀቱ ሰጥቻለሁ።

፫ኛ፤ ይህን ልነግርዎ አፍሬ ነበር። ያንኑ ስታቲስቲክስ ለደከሙ ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍት እንዳስጠና የቀጠረኝ የእርስዎው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ያለው ማኅተምም ከእርስዎ የወጣ ነው። ስለዚህ ኮርሱን ስደግም፣ ጠዋት ተማሪ ሆኜ የምቀመጥበትን ትምህርት ከሰዓት በኋላ አስጠና ነበር። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ሲያየኝ ደስ ብሎት «እትዬ፣ ልጆቹን ሊከታተሉልኝ መጡ?» አለኝ። «የለም፣ ልማር ነው» ስለው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ ከልጆቹ መካከል ተቀመጥኩ።

አራተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የሒሳብ መምህርነቱን ቦታ ይዛ ጠበቀችኝ። ትምህርት ሲከፈት ልጆች ያለ አስተማሪ ሊቀመጡ አይችሉምና፣ እያዘነች ለአንድ ወጣት ሰጠችው። ወጣቱን ስታቲስቲክስ ያስጠናሁት እኔው ነበርኩ። በገባ በሳምንቱ የሚያሳጥረው ሱሪ ይዞ ሱቄ መጣና አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ አማካይን እንዴት ላስረዳቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሱሪዎች ርዝመት እያስለካሁ አስረዳሁት፤ ገብቶት፣ አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ ፔዳሉን አልረገጥኩም። ልጄ ገብታ «እማ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ።

ክቡር ሆይ፣ ኮርሱን ዳግመኛ በከፍተኛ ውጤት አልፌ ተመርቄያለሁ። ትምህርት ቤቱም ተማሪ በዝቶበት ሌላ ክፍል ስለከፈተ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከዚያ ወጣት ጎን ባለው ክፍል አስተምራለሁ። አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ጎረቤቴ ትምህርቱን በሚገባ የተማረ ሰው መሆኑን በግሌ እመሰክራለሁ።

ትዕግሥትን ያለ ክሬዲት ላስተማሩኝ ለእርስዎ ያለኝን የማይካፈልና የማይባዛ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እጅ እነሣለሁ።

ከኋላው በር ያለችው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር ሦስት፤ ስለ ወንበሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለጎደለኝ ሲሶ ሦስት ሙሉ ክሬዲት ስለወሰድኩ፣ ሁለት ከሁለት ሲሶ ክሬዲት ተርፎ እጄ ላይ ቀርቷል። የሰው ንብረት ቤቴ ሲያድር እንቅልፍ አይወስደኝምና የት መስኮት እንደምመልሰው ቢነግሩኝ። ተረካቢ ከሌለም ለእርስዎ ቢሮ ይሁንልኝ፤ እዚያ ከጎደለው አንዱን ቢሞላ ደስታዬ ነው።