አረንጓዴ የተቀባው ሰፈር

ሐሙስ፣ የካቲት 11 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣ ለድንቡሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይሄን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን በስልክ ስቆጣ "እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ትለኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። ተቀምጠህ አንብበው፤ ተቆጥቻለሁ። በደላላው ተቆጥቻለሁ፣ ባንተ ተቆጥቻለሁ፣ በራሴም ተቆጥቻለሁ።

የላክልኝን ሰንጠረዥ የታችኛው ፎቅ መምህር አትሞ አመጣልኝ። ሰባት ሰፈር በቀይና በአረንጓዴ ተቀብቶ ተደርድሯል። "ዋጋው ገና ያልናረ፣ ኪራዩ ግን እየጨመረ ያለ ሰፈር ምረጪልኝ፤ በስሜት እንዳትመርጪ" ብለሃል። ቤቱ ለመኖሪያ ሳይሆን ለኪራይ መሆኑን ሦስት ጊዜ ጽፈህልኛል፤ ገብቶኛል። "ላንቺ ደግሞ በሚቀጥለው" ያልከውንም አይቼዋለሁ። እሱን ተወው፤ በኪራይ ቤት መኖር ለእኔ አዲስ አይደለም። በስሜት አትምረጪ ማለትህ ግን ቆሽቴን አሳረረው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት እየገባሁ መጋረጃ ስለካ የኖርኩ ሴት፣ የሰፈር ደህናውን ከቀለም ልማር?

እኔ ሰፈር የማየው በመስኮቱ ነው። ደላላው መጀመሪያ የወሰደኝ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወዳሉት አዳዲስ ሕንፃዎች ነበር። ሲታዩ ያምራሉ። አንዱ ፊት ቆሜ መስኮቶቹን ቆጠርኩ፤ ከአርባው መጋረጃ ያለው ስምንቱ ብቻ ነው። "ሰው የለም እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው በኩራት "ሁሉም ተሸጧል እኮ እማማ! ባለቤቶቹ ውጭ ናቸው፤ ዋጋ እስኪወጣ ዝም ብለው ይዘውታል" አለኝ። እዚህ ሰው አንድ ክፍል አጥቶ ከነልጆቹ ከአማቱ ጋር ይተፋፈጋል፣ እዚያ ሠላሳ ሁለት ቤት ለአቧራ ተከራይቷል። ተመልሼ ታክሲው ውስጥ ገባሁ።

ሁለተኛው ወንዝ ዳር ነው፤ በጣም ርካሽ ነው። ቤቱ ገብቼ የመጋረጃውን ጫፍ ገልበጥ አድርጌ ሳየው ሻግቷል፤ ግድግዳው ውሃ ይጠጣል ማለት ነው። ደላላው "ቀለም ሲቀባ ማን ያየዋል?" አለ። የሚኖርበት ልጅ ሳንባ ያየዋል አልኩት።

ሦስተኛው ያንተ አረንጓዴ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሰፈር ነው። አውቶቡሱ ደጅ ላይ ይቆማል፣ ትምህርት ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፣ ዳቦ ቤቱም ንጹሕ ነው። መስኮቱ ሁሉ መጋረጃ አለው፤ ግን አብዛኛው በምስማርና በሲባጎ የተንጠለጠለ ነው። ይሄ አከራዩ "ግድግዳ እንዳትበሱ" ያለው፣ ከርሞ እዚያ ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው መጋረጃ ነው። እኔና አንተም በአራት ቤት እንደዚያ ሰቅለናል።

የሚሸጠው ቤት ደረጃ ላይ ስንደርስ ደላላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ገዢ ነኝ እንዳይሉ። ተከራይዋን መጋረጃ የምትለካ ሴት ትመጣለች ብያታለሁ። ከአሁኑ ካወቀች ታስቸግራለች። ሽያጩ ካለቀ በወሩ ትወጣለች፤ ከዚያ ኪራዩን እጥፍ ማድረግ ነው።" ሙያዬን መንገድ ላይ ያወራሁለት እኔው ነኝ። መልስ ሳልሰጠው በሩ ተከፈተ።

ሴትየዋ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። "ግቡ፣ ግቡ" ብላ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ዕቃ ታነሳልኝ ጀመር። እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሜትሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለካሁ! አዎ፣ ለካሁ። ወርዱ አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ ቁመቱ አንድ ከአርባ። እጄ የለመደውን ሲሠራ አፌ ተለጎመ።

ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታየው! "እኔ ደግሞ አከራያችን ሊያስወጣን ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። መጋረጃ ካሰበልንማ ሊያቆየን ነው፤ አይደል እናቴ? በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ቤታችን ነው፤ ትልቋ ደግሞ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት" አለችኝ። ትንሿ እጄን ያዘችና "ሰማያዊ ይሁን፤ አበባ ያለበት ግን አልወድም" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። "እሺ" አልኳት። ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ዋሸኋት።

ውጭ ስንወጣ ደላላው ላይ ጮህኩበት።

"ምን ያናድድዎታል እማማ? ንግድ ነው።"

"ንግድማ እኔም ነግጃለሁ! ውሸት ይዤ ሰው ቤት ገብቼ ግን አላውቅም።"

"እኔን ምን ይሉኛል? ልጅዎ ነው ያዘዘኝ። ተከራይ ካለበት ባዶ አድርገህ አስረክበኝ ብሎኛል።"

ባዶ አድርገህ? ይሄ ካንተ አፍ ነው የወጣው?

ሦስተኛ ክፍል ሳለህ አንዲት ሴትዮ "ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ልየው" ብላ ቤታችን መጣች። አንተ ወንበር ጎትተህ አመጣህላት፤ እንዳትወድቅም እግሩን ይዘህ ቆምክ። በሳምንቱ ዕቃችን ግቢ ውስጥ ተቆልሎ ነበር። "እማዬ፣ ወንበሩን ባልሰጣት ኖሮ አንወጣም ነበር?" እያልክ ስንት ጊዜ ጠየቅከኝ? ያቺን ሴትዮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ረግሜያታለሁ። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ እሷን ሆንኩ፤ ያደረግከኝም አንተ ነህ። ይሄ ቶሎ የሚወጣልኝ አይምሰልህ።

በነጋታው ብቻዬን ተመልሼ እውነቱን ነገርኳት። ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ ነበር። የምታጣጥፈውን ልብስ አስቀምጣ "ታዲያ ልጆቹን ምን ልበላቸው?" ብቻ አለች። መልሱን ልፈልግ ሄድኩ።

ቤቱን ገዝቼልሃለሁ። ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ውሃው ይወርዳል፣ ሰፈሩም እንደወደድከው ነው። ባዶ ግን አይደለም። በሰጠኸኝ ውክልና ከሴትየዋ ጋር የአምስት ዓመት የኪራይ ውል ተዋውያለሁ፤ ኪራዩም ያው የድሮው ነው። ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል። ደላላው "ልጅዎ ያብዳል" አለኝ፤ ይበድ አልኩት። ከፈለግክ ውክልናውን ሻረው፤ ውሉን ግን ለጠበቃ አስነብቤዋለሁ፣ አይፈርስም።

ሰማያዊውንም ሰፍቼ ሰቀልኩት። ሲባጎ የለም፤ ግድግዳውን በድሪል አስበስቼ ዘንግ አስተከልኩ። ግድግዳው የልጄ አይደል? ማን ይናገረኛል! ትንሿ አሥር ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። የጨርቁን አንተ ትከፍላለህ፤ የእጄን ምሬሃለሁ።

አሁን ቁጣዬ በረድ ብሏል፤ አልጠፋም። ክፉ ሆነህ አይደለም፣ ባሕር ማዶ ርቀህ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። መቆጣት ካማረህ ደውል፤ እሰማሃለሁ። ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይሰውርህ፤ ላብህን ይባርክልህ፤ በሄድክበት ሁሉ በሩን የሚከፍትልህ ሰው አያሳጣህ። ለሳልህ ትኩስ ነገር አትርሳ፤ ደረትህንም ሸፍን።

ልረሳው ነበር፤ ከመጪው ወር ጀምሮ በዚህ አድራሻ አትጻፍልኝ፣ በምሠራበት ስፌት ቤት በኩል ይድረሰኝ። የምኖርበት ቤት ተሸጧል። የገዛው ውጭ አገር ያለ ልጅ ነው አሉ። እናቱን አግኝቻታለሁ፤ ጥሩ ሴት ናት፣ በልጇ በጣም ትኮራለች።

እናትህ