ባዶውን አዳፕተር ስለላክሁልሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እኅቴ ለፍሬሕይወት፣ ባለሽበት ቤይሩት።

ሰላምታው ይቆየንና ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፤ እማዬ አለች። እናታችን ጥሩሸዋ በሕይወት አለች። ይህን ስጽፍልሽ ከምድጃው ማዶ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ ደግሞም ምን እንደምጽፍ በየመሃሉ ትጠይቀኛለች።

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እህል ትቀምሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ባሰብሽ? ማዳምሽስ እንደ ሰው ታይሻለች? እኛ ከአንቺ ሐሳብ በቀር ክብር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ በወቅቱ ጥሎልን ገብሱ አምሮበታል። ነጠብጣቧ በግ መንታ ወልዳለች፤ አንዷ ግልገል ያንቺ ናት ተብላ ተለይታልሻለች።

ኮከቤ ከዚያው ከቤይሩት በዚህ ወር መጀመሪያ ደውላ ነበር። ጸጉርሽን መላጨትሽን፣ ጥቁር መልበስሽን፣ ለፋሲካ እንኳ አለመግደፍሽን፣ ስለ እማዬ ስታጽናናሽም ፊትሽን ወደ ግድግዳ ማዞርሽን ነገረችኝ። የላካችሁላትም ሚሞሪ ባዶ ነበር አለችኝ። አንድ እናታችን ቤቷ ተቀምጣ ልጇ በሰው አገር ታለቅሳታለች፤ ያስለቀስሁሽም እኔ ነኝ።

አልፈርድብሽም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። አባባ ያረፉ ጊዜ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ደብቀንሻል። በደወልሽ ቁጥር ጠበል ሄደዋል እያልን፣ አንቺም ለጠበሉ መሄጃ ብለሽ ከደመወዝሽ እየላክሽ፣ በመጨረሻ የማታውቂው ሰው በስልክ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲልሽ ነው የሰማሽው። እኛማ በደግ አስበን ነበር። በሰው ቤት ሆና ብትሰማ ማን ይይዛታል፣ ማን አብሯት ያለቅሳል ብለን ነው። ግን አንቺን ለማዳን ብለን እምነትሽን ገደልን። ይህን ፊት ለፊት ሳልነግርሽ አምስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ይቅር በይኝ።

የአሁኑን ነገር ግን ከሥሩ ልንገርሽ። በጥር ኮከቤ ለዕረፍት ስትመጣ የላክሽልኝን ካሜራ አድርሳልኛለች፤ እማዬን ስትንቀሳቀስና ስትናገር አንሥተህ ላክልኝ ማለትሽንም ነግራኛለች። ካሜራው ውስጥ ግን ሚሞሪ አልነበረም። ይዤው ሞላሌ ፎቶ ቤት ወደ ከፈተው ወደ ምንተስኖት ሄድሁ። እሱም ለካሜራው የሚሆን ትልቅ ሚሞሪ አጣ። ስልኬን ጀርባውን ከፈተና መዝሙር የማዳምጥባትን፣ የጣት ጥፍር የምታህል ሚሞሪ አውጥቶ አዳፕተር በሚሉት ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ሰካት። ትንሿ ትልቁ ውስጥ ገባች፣ ትልቁ ካሜራው ውስጥ ገባ፣ ካሜራውም ያለ ምንም ክርክር ተቀበለ።

እማዬን ያነሣኋት ለኪዳነ ምሕረት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ከአጥሩ ሥር ቆመች። ተራ ፎቶ መስሏት ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኗን ሳትሰብር ቀጥ አለች። ተናገሪ እንጂ ብላት ጆሮዋ ከዓምና ጀምሮ ከብዷል፣ አልሰማችኝም። በእጄ ባመለክታት ጭራሽ ደረቷን ነፋች። ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ከቆመች በኋላ ባለቤቴ ወሰንየለሽ መሳቅ ስትጀምር እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ፍሬዬ ብርድ ልብስ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችሽ።

ቤት ገብተን እማዬ ራሷን እንድታይ ትንሿን ሚሞሪ ከአዳፕተሩ አውጥቼ ወደ ስልኬ መለስኋት። እማዬም ስልኩ ላይ ወጣች። እዚህ ላይ ነው የሞኝነቴ ሁሉ ነገር። ቁና ገብሱን ጎተራ ውስጥ ገልብጦ እንደሚመለስ፣ ትንሿም ያየችውን ሁሉ ለትልቁ አቀብላ የተመለሰች መሰለኝ። ትልቁ ትልቅ ይይዛል ብዬ አዳፕተሩን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ለአንቺ በላክነው በሶ መሃል ቀብሬ ለኮከቤ ሰጠኋት። ትንሿን ግን መዝሙሬ አለባት ብዬ በደረት ኪሴ አስቀረኋት። ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እማዬን ከስልኬ እያወጣሁ ሳሳይ፣ ይህችው ለፍሬሕይወት ደርሳለች እያልሁ እኩራራ ነበር።

ኮከቤ በሄደች በሳምንቱ እማዬን ለጆሮዋ ጠበል ወሰድናት። የአሁኑስ እውነተኛ ጠበል ነው። ሁለት ሱባዔ ቆየች፤ አንቺም የደወልሽው በዚያው መሃል ሆነ። ወሰንየለሽ ስልኩን አንሥታ እማዬ ጠበል ሄዳለች ስትልሽ ወዲያው ዘጋሽው። ያን ቃል ዳግመኛ ከእኛ ቤት ስትሰሚ ምን እንደሆንሽ አሁን ይገባኛል። በዚያው ሰሞን ደግሞ አዳፕተሩን የማዳምሽ ልጅ ካሜራ ውስጥ ስትከቺው ካርድ የለም አለሽ። የምትነሣ እናት ስለሌለች ባዶ ላኩልኝ አልሽ። እንዴት አትዪ?

እማዬ እንደተመለሰች ብንደውልልሽም ይብሱን አበላሸነው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ድምፅዋ ተለውጧል፤ ጆሮዋም ገና አልተከፈተላትም። አንቺ በልጅነቴ ማን ብለሽ ትጠሪኝ ነበር ስትያት እሷ ዝናቡስ ደህና ይዟል ብላ መለሰችልሽ። የጎረቤታችንን የእትዬ ቦጋለችን ድምፅ አቀረባችሁልኝ አልሽና ዘጋሽው። ከዚያ ወዲያ ስልክሽ ዝግ ነው።

ኮከቤ ሚሞሪው ባዶ ነው ያለችኝ ዕለት በንዴት ምንተስኖት ዘንድ ገሠገሥሁ። ባዶ ዕቃ ሰጥተህ እኅቴን አስለቀስህ ብዬ ፎቶ ሊነሡ በመጡ ሰዎች ፊት ያልተናገርሁት የለም። እሱ ግን ቁጣዬን ጨርሶ ሰማና ስልክህን አምጣው አለኝ። ከፈተው፤ እማዬ አለች። ትንሿን ነቀላትና ክፈተው አለኝ፤ እማዬ ከስልኩ ጠፋች። ትንሿን በሌላ አዳፕተር ሰክቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያደርጋት እማዬ እዚያ ተገኘች። ደግሞ ትንሿን አውጥቶ አዳፕተሩን ባዶውን ቢከተው ኮምፒውተሩ ምንም አላየም። ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገውም። አዳፕተሩ ማቀፊያ እንጂ በራሱ አንዳች አይዝም። በርጩማው ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የእኔ ነው። እሱም ሳቀና ከአንተ በፊት ሁለት ሰው እንዲሁ ሠርቷል ብሎ አጽናናኝ። እውነቱን ይሁን ለእኔ አዝኖ ይሁን አላውቅም።

ነገሩን ለእማዬ የነገረቻት ወሰንየለሽ ናት፤ ጆሮዋ ላይ አፏን ገጥማ። እማዬ መጀመሪያ ሳቀች። የቁም ተዝካሬን ልጄ አወጣችልኝ፣ ለመሆኑ ጠላውን ማን ጠመቀላት አለች። ቆየት ብላ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ሁሉንም ነው የተላጨችው ብላ ጠየቀች። ሁሉንም አልናት። ከዚያ በኋላ የቀረበላትን አልበላችም። በማግሥቱ ራሷ ካሜራውን አምጣው አለችኝ።

ስለዚህ አሁን የሚደርስሽ ይህ ነው። የዘመሮ ከተማ ልጅ የሆነችው አልጣሽ ወደ ቤይሩት ስለምትጓዝ በእጇ ትሰጥሻለች። በዚህኛው አዳፕተር ውስጥ ትንሿ ሚሞሪ ገብታለች፤ ምንተስኖት ሰክቷት እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወሰንየለሽም አይታለች። ካሜራ ወይም ኮምፒውተር ካገኘሽ እንዳለ ክተቺው። ካላገኘሽ ትንሿን በጥፍርሽ ስበሽ አውጪና ስልክሽ ውስጥ አድርጊያት፤ ወርቅ መሳዩ ጥርሷ ወደ ስልኩ ጥርስ ይዙር እንጂ በጉልበት አትግፊያት። በአዳፕተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ እንዳይደመሰስ ብሎ ምንተስኖት ዘግቷታል፤ ማየት አትከለክልም፣ አትንኪያት። ትንሿ ብቻዋን ስልክሽ ውስጥ ስትሆን ግን ያ ቁልፍ አይጠብቃትም፤ ፎርማት ላድርግ፣ ማለት ሁሉን ልደምስስ ወይ ብሎ ከጠየቀሽ እምቢ በዪ። ቢጠፋም አትደንግጪ፤ ምንተስኖት ኮምፒውተሩ ላይ አስቀርቶልናል።

እማዬ ስለ ጸጉርሽ ትናገርሻለች። ያነሣኋት ኮከቤ ከደወለች በኋላ መሆኑን በዚያ ታውቂያለሽ፤ ከመላጨትሽ በፊትማ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ጥርሷንም አይተሽ ድምፅዋ ለምን እንደተለወጠ ትረጃለሽ። በዚህኛው ደግሞ ዝም በይ የሚላት ጠፍቶ የካሜራው ባትሪ እስኪያልቅ አወራችልሽ።

ወሰንየለሽ ጠበል ሄዳለች ባልኩበት አፌ እያለች ሌት ተቀን ትጸጸታለች፤ ዓይንሽን ስማሻለች። ልጃችን ጽናት ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ አክስቴ ስትመጣ ሹሩባ እሠራታለሁ ብላ ስለነበር ጸጉርሽን ቶሎ አሳድጊላት። እትዬ ቦጋለች የእኔ ድምፅ እንዲህ ነው ወይ ብለው ተቀይመውሻል፣ ግን ከልብ አይደለም፤ ሰላምታቸውን ልከዋል። ምንተስኖትም ሰላም ይልሻል። የነፍስ አባታችን አባ ገብረየሱስ በጸሎት ያስቡሻል። አልጣሽ የያዘችው የበግ ጠጉር ባና እማዬ ራሷ የፈተለችው ነው፤ ብርድ ልብስ አለሽ ወይ ላለችሽ መልስ ስላልሰጠሽ።

የእማዬን ሰላምታ ለብቻው ያቆየሁት ሚሞሪዋ እምቢ ብትል እንኳ ቃሏ እንዲደርስሽ ነው። ካሜራውን ፊቷ ስደግን አባ ገብረየሱስንና እኔን አጠገቧ አቆመችን። የሞትሁ ዕለት በዚያው ቀን ለልጄ ንገሯት አለች። አባ ገብረየሱስ በሰው አገር ያለ ሰው መርዶ እንዲህ አይረዳም፣ ማን ያጽናናታል ሲሏት፣ እኔው አሁን አጽናናታለሁ አለችና ወደ ካሜራው ዞረች። ፍሬዬ፣ ሞቼ ሳለሁ አለች ከሚሉሽ ይልቅ፣ በሕይወት ሳለሁ ሞተች ማለትሽ ከፋኝ አለችሽ። እኔንም በአባ ፊት መስቀል አስጨብጣ አስማለችኝ። እማዬን ሞት ያገኛት ዕለት፣ ፀሐይ ሳይጠልቅ፣ በራሴ አንደበት እነግርሻለሁ። እስከዚያ ስልክሽን ክፈቺ፣ እህል ቅመሺ፣ ጥቁሩንም አውልቂ። እኔ ካልነገርሁሽ እናታችን አለች።

ወንድምሽ አባይነህ
ሞላሌ፣ መንዝ
ግንቦት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.