ውፍረቱ ሳይለካ

ድሬዳዋ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለአስካለማርያም፤

በሄድሽበት አገር ሁሉ ፈጣሪ ሞገስ ይሁንሽ። እኛ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነን፤ የቤቱም ጣሪያ ታድሷል።

ሐኪሙ የዓይኔን ግፊት ለክቶ፣ «ከፍ ብሏል፤ ቀዶ ሕክምና ካላደረጉ ይታወራሉ» አለኝ። እኔም አንቺ በዓይን ሕክምና ትምህርትሽ የጤነኞችን ዓይን መርምረሽ የጻፍሽልኝን ነገርሁት፦ የዓይኑ ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን ወፍራም በሆነ ጤነኛ ሰው ላይ መለኪያው ግፊቱን አብልጦ ያሳያል። «እማማ፣ መሣሪያ አይዋሽም» ብሎ ሳቀ።

አብራኝ የነበረችው ጎረቤታችን ሳሕራ፣ ብርቱካን ነጋዴዋ፣ አልሳቀችም። «ወላሂ ዶክተር፣ ልጣጩ ወፍራም ብርቱካን በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥሬ ይመስላል። እኔ ራሴ ስንቱን የበሰለ ለመልካ ጀብዱ ገበሬ መልሻለሁ!» አለችው።

እኔም፣ «የሽፋኑ ውፍረት ሳይለካ ቢላዋ አላስነካም» ብዬ ተነሣሁ። ሐኪሙ ያዘዘልኝን የዓይን ጠብታ ግን አላቋረጥሁም፤ በየማለዳውም እይታዬ እንዳልቀነሰ ለማወቅ ዓይኖቼን በየተራ እየሸፈንሁ የባቡር ጣቢያውን ሰዓት አነባለሁ።

ውፍረቱ የሚለካበትን ስፍራ ፈልጊልኝ። ተሳስቼ ከሆነም አትደብቂኝ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽን ለብዙዎች መድኃኒት ያድርገው። ደግሞም ለእኔ ብለሽ ፊደልሽን አታግዝፊ፤ አነባለሁ።

እናትሽ የሻሽወርቅ ተሰማ