ርስትና የአባት ስም

በሥላሴ ስም እጀምራለሁ። እኔ የቢሆነኝ ልጅ አቻምየለሽ፣ የማንኩሳ ርስተኛ፣ ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓመተ ምሕረት፣ ሰውነቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በነፍስ አባቴ በቄስ ታከለና በምስክሮቼ ፊት ይህን ቃል ተናዝዣለሁ። የሚጽፉት መሪጌታ ክንዱ ናቸው፤ እንዳልኩት ይጻፉ እንጂ እንዳማረላቸው አይጻፉ።

ወራሼ አንድ ልጄ ወልደ ሥላሴ ነው። ከእናት ከአባቴ የደረሰኝን ርስት፣ ከወንዙ ዳር ያለውን የውኃ ወፍጮ ጭምር፣ ለእርሱ ሰጥቻለሁ። «የጣሊያን ልጅ ምን ርስት አለው?» የሚል እንዳለ ሰምቻለሁ። ርስት በእናትም ይቆጠራል፤ የእኔን ትውልድ የማያውቅ ደግሞ በዚህ ቤት የለም።

ወፍጮውን የሠራው ባሌ ነው፤ ትውልዱ ጣሊያን ነው። የጣሊያን ጦር ከመምጣቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ እርሱ ብቻውን በእግሩ መጣ፤ በደብራችን ተጠምቆ ኃይለ ሚካኤል ተባለ። ዘመዶቼ «ርስተኛ ለግንበኛ!» ብለው ከሠርጌ ቀሩ፤ ቡዳ ነውም አሉት። እርሱ ግን መናቅን ለምዶት ነበር። አስቀድሞ አሜሪካ በሚሉት አገር ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሯል፤ በዚያ እርሱንና ያገሩን ልጆች «እናንተ ነጭ አይደላችሁም» እያሉ ቤት አያከራዩአቸውም ነበር።

ጦሩ ቡሬ ከገባ በኋላ የጣሊያኑ ሹም ባሌን አስጠርቶ፣ «አንተ ነጭ ነህ፤ ጥቁሪቱን ፍታ፤ ልጁም በስምህ አይጠራ» አለው። ባሌም፣ «አሜሪካኖች ነጭ አይደለህም አሉኝ፤ እናንተ ነጭ ነህ ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ እናንተው ተስማሙ፤ እስከዚያ እኔ ከሚስቴ ጋራ ነኝ» አለ። አሰሩት። ኋላም በካሚዮን ጭነው ወሰዱት፤ ይሙት ይኑር አላውቅም። ናፍቆቱ ከሕመሜ ይብስብኛል።

ታስሮ ሳለ እኔን ከበር ሲመልሱኝ ስንቁን ያደረሰችለት የቡሬዋ ነጋዴ ሙሚና ናት። ሥጋችን ቢለያይም እንጀራችን አልተለያየም። በቅሎዬን ከነኮርቻዋ ለሙሚና ሰጥቻለሁ። ወንድሜ ላቀው ይህችን በቅሎ እንደሚመኛት አውቃለሁ፤ ይመኛት።

ለላቀው የአባታችንን ጋሻ ሰጥቻለሁ። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁት ነው፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን ላቀው፣ ልጄን ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቀን በስሙ ጠርተኸው አታውቅም። አንተ «ያ ጣሊያን» ትለዋለህ፤ ጣሊያኖቹ «ሐበሻ» ይሉታል። እንግዲህ ወዴት ይግባ? ምስክር አድርጌ የጠራሁህ ለዚህ ነው፤ በኑዛዜ የመሰከረ ኋላ ርስት ብሎ አይሟገትም። የልጄን ስም ከነአባቱ ስም በአፍህ ሳትናገር ምስክርነትህ አይጻፍ።

ይህን ቃሌን ያፈረሰ ውግዝ ይሁን። አቻምየለሽ ቢሆነኝ፣ በጣቴ ፈርሜያለሁ።

ቄስ ታከለ፣ የነፍስ አባት፤ ሰምቻለሁ፣ አውግዣለሁ።

ንግሥቴ፣ ጎረቤት፤ ሰምቻለሁ፤ የጣት ፊርማ።

ላቀው ቢሆነኝም ተጠየቀ። ተነሥቶም ወደ በሩ ሄደ። ወይዘሮ አቻምየለሽ «ላቀው» ብለው አንድ ጊዜ ጠሩት፤ ተመለሰ። ከቆመበትም እንዲህ አለ፦ «የእቴ ልጅ ወልደ ሥላሴ ኃይለ ሚካኤል ይባላል። ርስቱ የርሱ ነው፤ አልሟገተውም። በቅሎዪቱንም ለሙሚና እኔው አደርሳለሁ።» በጣቱ ፈረመ።

እንደተባለው የጻፍኩ መሪጌታ ክንዱ።