ክዳኑ አይነካ

ውድ ወንድሜ ጆሳያ፤

ባሕር ማዶ ከነቤተሰብህ እንደምን ሰነበትክ? የካናዳው ብርድ አልከበደህም ወይ? ሚስትህ ሃናስ በሰላም ተገላገለች ወይ? እኔ ደህና ነኝ። አባባ ግን ሳሉ ጠንቶባቸዋል።

በበጋው አንድ ሠዓሊ ከኩሬው ማዶ ተቀምጦ መንደራችንን በውሃ ቀለም ሣለ። ቤታችን አለ፣ ዝይዎቹ አሉ፣ እኔም ባልዲ ይዤ ደጃፍ ላይ አለሁ። ብታየው ደስ ይልሃል። ጭቃው አይሸት፣ የአባባ ሳል አይሰማ! ቤታችንን ያከራዩን የመንደሩ ጌታ ሥዕሉን ገዝተው እልፍኛቸው ሰቀሉት።

መዘዙ ከዚያ ጀመረ። የቤታችን የሣር ክዳን በስብሶ ዝናቡ አባባ አልጋ ላይ ስለሚወርድ፣ ሣር ከዳኙን ኦባዳያን ጠራሁት። ገና መሰላሉን ሲያቆም የጌታው ወኪል ሚስተር ፔል በፈረስ ደረሰ።

«ውረድ አንተ! ጌታው ሥዕሉን ያዩ እንግዶችን እዚህ ያመጣሉ። ያ አረንጓዴ ሣር የበቀለበት ክዳን አይነካ» አለ።

ኦባዳያ «ታዲያ ሽማግሌው ይስጠሙ?» ቢለው፣ «አልጋቸውን ፈቀቅ አድርጉ» አለን። ፈቀቅ ስናደርግ ስናደርግ ግድግዳው ጋ ደረስን።

ኖርዊች ከተማ ሸማኔ ቤት ሥራ አግኝቼ ነበር። ለፔል ብነግረው «ሂጂ፤ ደጃፉ ላይ የምትቆም ሴት ከሌለች ግን ቤቱም ለአባትሽ የለም» አለኝ። አባባን ይዤ ልሂድ ብል ደግሞ «እናትሽን እዚህ ቀብሬ የትም አልሄድም» አሉ። ምን ላድርግ? ቀረሁ።

ኦባዳያ፣ እግዜር ይስጠው፣ ከመንገድ በማይታየው በጓሮው በኩል ክዳኑን ቀየረልን። አባባ አሁን ደረቅ አልጋ ላይ ይተኛሉ።

ትናንት ሠረገላ መጣ። ውሃ ቀድቼ ልገባ ስል አንዲት እመቤት አንገቷን አውጥታ «እንዴት ያለ ሰላም ነው! አንቺ ልጅ፣ እስቲ እንደዚያው ሁኚልን» አለችኝ። ከውስጥ አባባ ሳል እያፈናቸው «ታቢታ! ውሃ!» ይላሉ። ፔል ከፈረሱ ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ወንድሜ፣ ቆምኩላቸው። ሠረገላው ከዓይኔ እስኪሰወር ቆምኩላቸው።

ሃናን ሳምልኝ፤ አዲሱንም ሕፃን ጉንጩን ሳምልኝ። አባባ ምርቃታቸው ይድረስህ ብለዋል። ኦባዳያም «ያ ቀበጥ አሁንም ሲዘፍን ጎረቤት ይሸሻል ወይ?» ይልሃል።

እህትህ ታቢታ
ኤልምስዊክ፣ ኖርፎክ
ጥቅምት 12 ቀን 1833