ለአባባ ያነበብኳቸው ሦስት መጻሕፍት

ይድረስ ለእትዬ ብዙወርቅ ጎሹ፣
ማንቡክ።

እንደምን ሰንብተሻል እትዬ? ወባው ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እያንቀጠቀጠሽ ታስተምሪያለሽ? እህል ይወርድልሻል? እንቅልፍስ ይመጣልሽ ጀመር? የቤት አከራይሽ ወይዘሮ ሎዛ ደህና ናቸው? ተማሪዎችሽስ? እኔ ከሐዘኑ በቀር አካሌ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ናፍቆትሽ ግን እንደ ሐምሌ ጭቃ እግሬን ይዞ አላራምድ ብሎኛል።

ደብዳቤሽ በሃያ ሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን የአዲሱን ክልላችንን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሲሰቅሉ ማንቡክን ፈልጌ በጣቴ ለካሁት፤ ከአሶሳ አንድ ስንዝር አይሞላም። አንድ ክልል ነን ተብለናል፤ ነገር ግን አባይ መሃል ላይ ተጋድሟልና ወረቀትሽ ጎጃምን ዞሮ፣ አዲስ አበባ ውሎ አድሮ፣ ወለጋን አቋርጦ ነው የሚመጣው። ለአባባ ቀብር ያልደረስሽው በዚሁ መንገድ የተነሳ መሆኑን የመንደራችን የአምባ ዘጠኝ ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም አልታዘበሽም፤ ራስሽን አትውቀሺ።

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው፣ እዚያ የሚነበብ ስለጠፋ አንድ የወንጀል ምርመራ፣ አንድ የሳይንስ፣ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ እንድልክልሽና ከየትኛው እንደምትጀምሪ እንድነግርሽ ነው። ሁለተኛው፣ አባባ የመጨረሻዎቹን ወራት እንዴት እንዳሳለፈ ነው። ለእኔ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ናቸው። አሁን በላስቲክ ጠቅልዬ የላክሁልሽን ሦስቱን መጻሕፍት ያነበብኳቸው ለእሱ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ብቻሽን ሆነሽ አታንብቢው። እዚህ ላይ እጠፊውና ወይዘሮ ሎዛን ጥሪያቸው፤ አጠገብሽ ይቀመጡ። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ሽማግሌ ልኬ እንዳላስነግርሽ ደግሞ ነገሩ የቤታችን ገመና ነው፤ ከእኔ አፍ ካልሰማሽው ሌላ ሰው አሳምሮ አይነግርሽም።

ዓይኑ ጨርሶ የጠፋው አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ነበር። መስከረም ላይ ሆዱ አበጠ፤ ሐኪሙ ጉበቱ ነው አለና ወደ ቤት እንድንወስደው መከረን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንጎው ሥር ቁርበቱ ላይ ጋደም ብሎ አገኘዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳያወራ ይውላል። ዐወድን ታስታውሽዋለሽ፣ ገበያው ጥግ ራዲዮ የሚጠግነውን የበርታ ሰው። አሁን ያረጁ ልብ ወለዶችም ያከራያል። አማርኛውን ያሻሻለው ከእነሱ ነው፤ ወንድና ሴት ግን እስከ ዛሬ ይቀላቅልበታል። የአባባን ነገር ስነግረው፣ “ወላሂ፣ አባትህ ዓይን የለውም፤ ጆሮ ግን አለው። አንተ አንብብለት” ብሎ መጽሐፍ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

የመጀመሪያው የወንጀሉ ነው። አንድ የቡና ነጋዴ ሆቴል ውስጥ ሞቶ ይገኛል፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ አንድ ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀረው ሻምበል ይመረምራል። አባባ መጀመሪያ ላይ “ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ሞት ነው?” ብሎ ተገረመ። ሁለተኛው ቀን ግን ገና ደብተሬን ሳላስቀምጥ “ሻምበሉ የት ደረሰ?” ይለኝ ጀመር። ጎረቤታችን ሞላም ከእርሻው ሲመለስ እየተቀመጠ ያዳምጥ ነበር፤ ሞላ ሚስቲቱን ጠረጠረ። አባባ ግን ገና በሦስተኛው ምዕራፍ ገዳዩን ለይቶ ያዘው። እንዴት እንዳወቀ ስንጠይቀው፣ “ለቅሶ ቤት ውስጥ ከባለ ሐዘኑ በላይ የሚሯሯጠውን ሰው እዩት” አለን። ኋላ እንዳትቆጪኝ ስሙን አልነግርሽም። ሻምበሉ ገዳዩን ሲይዘው ሞላ አጨበጨበ፤ አባባ ግን “ደግ አገር ነው። ስንቱ ሞቶ ማን ጠየቀ” አለ።

ሁለተኛው የሳይንሱ ነው፤ ከመስኮብኛ የተተረጎመ ነው ይላል። አንድ ዓለም ይደርቅና ሰዎቹ በሰማይ መርከብ ተጭነው ወደ ሌላ ኮከብ ይወሰዳሉ። አገሩ ለም ነው፣ ሣሩ ሰው ያክላል ተብለዋል። መርከቡ ደጃፍ ላይ መዝገብ የያዘ ሰው ስም ይጠራል። እኔ ስለ መርከቡ ሞተር የተጻፈውን ወድጄው ሳነብ፣ አባባ እጁን አንሥቶ “አቁሚ” አለኝ። “ይህን የጻፈው ሰው ሰፈራን ያውቃል።” የመስኮብ ሰው ነው አልሁት። “እነሱም አለባቸው ማለት ነው” አለና ቀጥይ አለኝ። ስም የተጠሩት ገቡ፤ ልጆቿን ያሳፈረች ሴት ገና ሳትገባ በሩ ተዘጋ። ቀና ስል አባባ ያለቅሳል። አባባ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ሞላ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል “ቁጭ በል፣ አንተም ስማው” አለው።

እትዬ፣ እማዬ ያኔ በ77 አልሞተችም።

በረሃቡ ጊዜ መጠለያው ውስጥ እኔ ታምሜ ስለነበር እማዬ ወተት ልትቀበል ሰልፍ ላይ ቆማ ነበር። መኪናው የመጣው ያኔ ነው። አባባ “ባለቤቴ የለችም” ሲል መዝገብ የያዘው ሰው “በሚቀጥለው መኪና ትከተላለች” አለው። አንቺን አሳፈረ፣ እኔን አቀፈ፣ ወጣ። ይህን አንቺም ታስታውሽዋለሽ። አሶሳ ከደረስን በኋላ ሰፋሪ የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር እየሄደ ከሚወርዱት መካከል ይፈልጋት ነበር፤ አልመጣችም። አንቺ ደግሞ እማዬን ላምጣ ብለሽ ሁለቴ ጠፋሽ። በሁለተኛው ጊዜ በርታዎቹ በሦስተኛው ቀን ከማሽላ ማሳ ውስጥ አግኝተው፣ እግርሽ አብጦ፣ በአህያ ጭነው አመጡሽ። በዚያው ሳምንት ወደ አገራቸው ሊመለሱ የወጡ አራት የደላንታ ሰዎች መንገድ ላይ ሞተው ተገኙ። አባባ እንዲህ አለኝ፦ “በሦስተኛው ይቺ ልጅ አትተርፍም አልሁ። ስለዚህ እናቷን ገደልኋት። መርዶ መጣልኝ ብዬ ራሴን ተላጨሁ፤ ሰዉ መጥቶ አለቀሰልኝ። ከዚያ በኋላ ብዙወርቅ አልጠፋችም።”

በ83 ሰዉ ወደ አገሩ ሲመለስ አንተ ለምን ቀረህ አልሁት። “ብሄድና ባገኛት ለእናንተ ምን እላለሁ? ባላገኛትስ? እዚህ ሆኜ ግማሽ ተስፋ ይዤ መቀመጥ ይሻለኛል አልሁ። ፈሪ ሆኜ ነው ልጄ” አለኝ። እኔ ተቆጣሁ። ሁለት ቀን ውኃ ከማቀበል በቀር አላናገርሁትም። ያን ሁለት ቀን አሁን በምንም ልመልሰው አልችልም፤ አንቺ ስትናደጂ ይህንን አስቢልኝ።

ሞላ ለወንድሙ ጉዳይ ወደ አገራችን ወደ ደላንታ ሊሄድ ነበርና አባባ የእማዬን ወሬ እንዲያጣራ ለመነው። ኅዳር ማለቂያ ላይ ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ቤት ሳይገባ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ፤ ፊቱን ሳየው ገባኝ። እማዬ ዝናቡ ሲመለስ ወደ ቤታችን ተመልሳ ብቻዋን ትኖር ነበር። በ79 ከዚህ ያመለጠ አንድ ሰው ደርሶ “ከዚያ መኪና የወረዱት በወባ አልቀዋል” ብሎ ነገራት። ለሦስታችንም ተዝካር አወጣች እትዬ። ለአባባ፣ ለአንቺና ለእኔ። ሌላ ባል አላገባችም። የሞተችው በ85 ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት። እኛ ለእሷ ስናለቅስ እሷ ለእኛ ስታለቅስ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁላችንም በሕይወት ነበርን።

አባባ በዚያን ቀን ድምፄን እንደሰማ የሞላን መመለስ አውቆ “ሞላ ምን አለ?” አለኝ። መንገዱ ተበላሽቶ ከደሴ ሳያልፍ ተመለሰ አልሁት። “እህ” አለና ፊቱን ወደ ግንዱ አዞረ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ሆዱ አብጦ፣ እግሩ አብጦ ነበር፤ ሌላ የሚያብጥ ነገር ልጨምርለት አልቻልሁም።

ሦስተኛውን፣ የፍቅሩን፣ ራሱ ነው አምጪ ያለኝ። እሱ አሰብ ወደብ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው፤ እሷ ጎንደር ናት፤ የሚጻጻፉትን ደብዳቤ አጎቷ እየሰበሰበ ይደብቃል። እያንዳንዳቸው ሌላው የከዳቸው ይመስላቸዋል። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ያነበበው ስለሆነ ወረቀቱ ጠቋቁሯል። የገና በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ደረስሁ ስል የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ማን እንደቀደዳቸው እንጃ። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። እኔም መቀጠል ጀመርሁ፤ ከራሴ። ልጁ ጎንደር መጣ አልሁ። አውቶቡስ ተራው ጋ ቆማ አየችው አልሁ። አልተለወጥሽም አላት፤ አንተ ግን ከስተሃል አለችው።

አባባ “ሕብረት” አለኝ። “ገጽ ስትገልጪ አልሰማሁም።”

ዝም አልሁ።

“ሞላም ደላንታ ደርሷል ማለት ነው” አለ።

እንባዬ መጽሐፉ ላይ ወረደ፤ ስታነቢው ያን ቦታ ታገኚዋለሽ፣ ቀለሙ ፈሷል። አባባ በእጁ እየዳበሰ ጉልበቴን ያዘ። “ምንም አይደለም። ጨርሽው፣ ጥሩ ይዘሽዋል” አለኝ። ጨረስሁለት። አጋባኋቸው፤ ልጅም ወለዱ፤ ዝናብም ዘነበ። ከዚያ በኋላ ስለ እማዬ አልጠየቀኝም። ጥምቀት ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሞላ አጠገቡ ሆኖ አረፈ።

ስለዚህ የምመክርሽ እንዲህ ነው። ከወንጀሉ ጀምሪ፤ ያስቅሻል፣ አእምሮሽንም ያሠራዋል፤ ለመምህራን ጓደኞችሽም አውሺያቸው፣ ገዳዩን ማን ቀድሞ እንደሚይዝ ተወራረዱ። ቀጥለሽ የፍቅሩን አንብቢ። ሌላ ቅጂ ፈልጌ አላገኘሁም፣ እንዲሁ ጎዶሎውን ልኬልሻለሁ፤ የልጅቷን አጎት ትረግሚዋለሽ። የሳይንሱን ለክረምቱ አቆይው፣ እዚህ መጥተሽ አብረን እናነበዋለን። እኔ እስካሁን አልጨረስሁትም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሴትየዋ ምን እንደሆነች አላውቅም፤ ብቻዬን ማወቅ አልፈለግሁም። ዐወድ “መልስ አልልህም፤ እህትህ ይያዘው” ብሏል፤ አንቺን ማለቱ ነው።

እኔ አሁን ሞላ ቤት ነው ያለሁት። ባለቤቱ ገላኔ እንደ ልጇ ይዛኛለች፤ አንሶላዬን እንኳ ከእኔ ቀድማ ታጥበዋለች። እጅሽን ስማ “ብቻዋን አታልቅስ በያት” ብላለች። ሞላ ስለ ወሬው ይቅርታሽን ይለምናል፤ ምንም ያላጠፋ ሰው ነው። ዐወድ ሰላምታ ያቀርባል። የአባባ የእድር ጓደኞች በሙሉ “እግዜር ያጽናሽ” ብለዋል። ወይዘሮ ሎዛን እጅ ንሽልኝ፣ ስላልተዉሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው።

ልዘጋው ስል የቀረኝ አንድ ነገር አለ። በአባባ አርባ ቀን የነፍስ አባታችንን ለብቻቸው ጠርቼ እናቴንም አብረው እንዲያስቡልኝ ለመንኋቸው። እሺ አሉና የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። አላውቀውም እትዬ። ስሟ ትጓደድ ነው ከማለት በቀር ምንም አላውቅም። ሞላም መጠየቁን አላሰበውም። እሳቸው እግዚአብሔር ያውቃታል ብለው ጸለዩ፤ እኔ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ አፈርሁ። አንቺ ያኔ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፤ ቄስ ቤታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ በምን ስም እንደሚጠሯት ሰምተሽ ይሆናል። ተናደሽብኝ ደብዳቤ መጻፍ ቢያስጠላሽ እንኳ ምንም ሌላ አትጨምሪ፤ በቁራጭ ወረቀት ላይ ያን ስም ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ።

እህትሽ ሕብረት ጎሹ
አምባ ዘጠኝ፣ አሶሳ
መጋቢት 11 ቀን 1989 ዓ.ም.